ጣና በለስ ቅርባችን ነው ተብሎ ፓወር ሰፕላይ አይመረጥም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር እኔም ጋ ደረሰ። ሁለትና ከዚያ በላይ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ለሚገጣጥም ሰው ፓወር ሰፕላይ፣ የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ እንዴት እንደሚመረጥ ይመክራል። ጸሐፊው የከተማችን የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ለተማሪዎችና ለቪዲዮ ቤቶች አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ልፋታቸውን አከብራለሁ። ግን ምክሩን ተከትሎ የገዛ ሰው ዕቃው ሲቃጠል ይዞ የሚመጣው እንደኔ ያለው ጠጋኝ ጋ ነው። ፔዳ አካባቢ ባለችው ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ነገር ዝም እንድል አልፈቀደልኝም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የካርዶቹንና የፕሮሰሰሩን ዋት ደምሩ፣ መቶ ጨምሩበት፣ በቃ። ‹‹ጎልድ›› የሚል ምልክት ካለው ጥራቱ የተረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ 1000 ዋት ጎልድ የሚሰጠው 900 ብቻ ነው። ገመድ ካነሰ አዳፕተር ግዙና ቀጥሉ። ከአንድ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ሁለት ትናንሽ ይረክሳል። ስለ መብራቱም አትጨነቁ፤ ጣና በለስ ቅርባችን ነው፣ ፓወር ሰፕላዩም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። በመጨረሻም ፋኑ የማይዞር ጸጥተኛ ምረጡ።

ከድምሩ ልጀምር። በምሳሌነት ያቀረቡት አርቲኤክስ 3090 የሚባል ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ነው። አንዱ ካርድ 350 ዋት ነው፣ ሁለቱ 700። ፕሮሰሰሩን 125 ብለው ያዙ። መቶ ጨመሩ፣ 925 መጣ። ‹‹ስለዚህ 1000 ዋት ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል›› አሉ።

መደመሩ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ ላይ ነው። 350 አማካይ ነው። ካርዱ ኃይል የሚስበው በእኩል ፍሰት አይደለም። ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ቅጽበት ሽቅብ ይዘላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዘላል። 3090 ደግሞ በዚህ ዝላይ የታወቀ ካርድ ነው፤ ለቅጽበት ከ500 ዋት በላይ ይስባል። ሁለት ካርዶች አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ሲያሠለጥኑ እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ይጠባበቃሉ፣ እኩል ይነሳሉ። ዝላያቸው አንድ ላይ ሊገጥም ይችላል። ፕሮሰሰሩስ? 125 ዋት ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 125 ላይ አይቆምም። ኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬን ብንወስድ መነሻው 125 ነው፣ ጣሪያው ግን 253።

ይህ ሲሆን የሚታየው ምልክት አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ድንገት ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ የስህተት መልእክት የለም። ፓወር ሰፕላዩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ለመጠበቅ ዘግቶ ነው። ሰዉ ግን ዊንዶውስ ተበላሸ ይላል። ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርጎ፣ ራም ቀይሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው አንዱ ልጅ እኔ ጋ የመጣው። ጥፋቱ ሲጀመር የተደመረው ድምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው መመዘኛ ይህን ችግር አይቶ ነው የመጣው። ይህን መመዘኛ የሚያሟላ ፓወር ሰፕላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል የተጻፈበትን ዋት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዝላይ ተሸክሞ ሳይዘጋ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ለሁለት 3090 የምመክረው ከ1200 እስከ 1300 ዋት ያለው፣ ቢቻል ኤቲኤክስ 3.0 ወይም 3.1 የሚል ነው።

ገንዘብ ለሌለው ተማሪም መንገድ አለ። ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አለማንሳታቸው ቆጭቶኛል። የካርዱን የኃይል ጣሪያ ራሳችሁ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር አብሮ የሚመጣው ‹‹ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ›› የሚባለው ትእዛዝ በአንድ መስመር ይሠራዋል። ሁለቱን ካርዶች 350 ላይ ከመልቀቅ 270 ላይ ብታስሯቸው 160 ዋት ተረፈ። የሥራው ፍጥነት የሚቀንሰው ኃይሉ በቀነሰው ልክ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሙቀቱም ይበርዳል፣ የፋኑም ጩኸት ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን ቅንብሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ሲነሳ በራሱ እንዲሠራ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ዝላዩም ያንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ ጥሩ 1000 ዋት ሁለቱን ካርዶች ይሸከማል።

‹‹ጥሩ›› ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተዉት። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ግራፊክስ ካርድ የሚበላው 12 ቮልት ነው። ከ12 ቮልት ሥር ስንት አምፒር እንደተጻፈ አይታችሁ በ12 አባዙት። ከካርቶኑ ቁጥር ጋር መቀራረብ አለበት። እውነተኛ 850 ዋት ወደ 70 አምፒር ይጽፋል። ባለፈው አንድ ሰው ‹‹1000 ዋት›› የሚል ይዞ መጣ። ሠንጠረዡ ላይ 38 አምፒር ይላል። 456 ዋት ማለት ነው። ዕቃውን አንስቼ በእጄ መዘንኩት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለኝ። ሻጩ ዋሽቷል ልትሉ ትችላላችሁ፤ እውነቱ ግን እዚያው ጎኑ ላይ ተጽፎ ነበር።

ወደ ጎልዱ እንለፍ። 80 ፕላስ የሚባለው ምልክት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግድግዳ ከሳበው ኃይል ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ። ጎልድ በግማሽ ጭነት በ230 ቮልት 92 በመቶ ማድረስ አለበት። ፈተናው የሚደረገው በ23 ዲግሪ ሙቀት ነው። የቮልቴጁ መረጋጋት፣ የአደጋ መከላከያው መኖር አለመኖር፣ መብራት ለቅጽበት ሲቆረጥ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በውስጡ ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ አንዱም እዚህ ምልክት ውስጥ የለም። ጎልድ ሆኖ ደካማ አለ፣ ከጎልድ በታች ያለው ብሮንዝ ሆኖ ጎበዝ አለ። እኔ ከምልክቱ በፊት የማየው ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ሙሉ ዋቱን በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚሰጥ። 40 ወይም 50 ዲግሪ ብሎ የጻፈ አምራች ዕቃውን ተማምኗል።

‹‹1000 ዋት ጎልድ የሚሰጠው 900 ነው›› የሚለው ግን የተገለበጠ ነው። የተጻፈው ዋት ለኮምፒውተሩ የሚያቀብለው ነው። ኪሳራው የሚጨመረው ከግድግዳ በሚስበው ላይ ነው። 1000 ዋት ለማቀበል ከ1100 ትንሽ የሚበልጥ ይስባል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ስለሚይዘው ዩፒኤስ ሳወራ ግን እመለስበታለሁ።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ የገመዱ ምክር ነው። ‹‹ባለ 8 ፒን ገመድ ካነሳችሁ ከሳታ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር በርካሽ ይገኛል›› ይላሉ ጸሐፊው። ሳታ ለሃርድ ዲስክ ኃይል የሚያቀብለው መሰኪያ ነው፤ ባለ 8 ፒኑ የግራፊክስ ካርዱ ነው።

ባለፈው ክረምት አራት የፖሊ ግቢ ተማሪዎች አንድ ኮምፒውተር ተሸክመው ሱቄ ገቡ። ለመመረቂያ ሥራቸው የአማርኛ ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል እያሠለጠኑ ነበር። ገንዘቡን ያዋጡት አራቱም ከቤተሰብ ከሚላክላቸው ቀንሰው ነው። ኬዙን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሁለተኛው ካርድ ላይ የተሰካው ልክ እንዲህ ያለ አዳፕተር ነበር። ከሳታው ወገን ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ቀልጦ ወደ ቡናማ ተለውጧል። ቢጫዎቹ ገመዶች ጫፋቸው ጠቁሮ ልጣጫቸው ወደ ኋላ ተሸብሽቧል። ለመንቀል ብሞክር አልነቀል አለ፤ ሁለቱ ኮኔክተሮች ቀልጠው አንድ ሆነዋል። በፒንሳ ስይዘው በእጄ ላይ ተሰባበረ። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ‹‹ጋሼ፣ ካርዱ ተርፏል?›› አለኝ። ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልኩም።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ሳታ ኮኔክተር ለ12 ቮልት የተመደበለት ሦስት ፒን ነው። አንዱ ፒን 1.5 አምፒር ይችላል። ሦስቱ 4.5፣ በ12 ሲባዛ 54 ዋት። ይህ ለሃርድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 8 ፒን ደግሞ ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው እስከ 150 ዋት ነው፤ 12.5 አምፒር። ካርዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያው ላይ የተሰካውን አይጠይቅም። 150 አለ ብሎ ያምናል፣ ይስባል። በ4.5 አምፒር በር ውስጥ 12.5 ሲገባ ፕላስቲኩ ከመቅለጥ ሌላ ዕድል የለውም። ካርዱን ከማዘርቦርዱ አርቆ የሚያገናኘውን ራይዘር ለሚጠቀሙም ያው ነው። ካርድ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። በሳታ የሚመገብ ራይዘር ያን ጊዜ ከወሰኑ አልፏል።

የልጆቹ ካርድ ተርፏል፣ ተመስገን። የፓወር ሰፕላዩ የሳታ መስመር ግን ሞቷል። ሁለት ሳምንት ሥራቸው ቆመ።

ስለዚህ ገመድ ካነሰ ፓወር ሰፕላዩ ለዚያ ሥራ አልተሠራም ማለት ነው። አምራቹ ስንት ባለ 8 ፒን እንደሰጠው ራሱ ምስክርነት ነው። ሁለት ካርድ ሁለት ሁለት መሰኪያ ካለው አራት የተለያየ ገመድ ያስፈልጋል። አንድ ገመድ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ለትንሽ ካርድ ይሆናል፤ 350 ዋት ለሚበላ ግን አንዱን ብቻ ሰክታችሁ ለሌላው ሌላ ገመድ አምጡ። አዲሶቹ ካርዶች ያላቸው ባለ 16 ፒን መሰኪያ እስከ 600 ዋት ያልፍበታል፤ 50 አምፒር መሆኑ ነው። ‹‹ቀጭ›› እስኪል ድረስ ግፉት። ጥግ ድረስ ያልገባ መሰኪያ እንደሚቀልጥ በአርቲኤክስ 4090 ካርድ ጊዜ ዓለም አይቷል።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ገመዶቹን አስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን የሌላ አምራች ገመድ ልክክ ብሎ ገባልኝ። አበራሁ። በካርዱ ወገን ያለው መሰኪያ በሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ ወገን ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ ነው የሚደረድረው። 12 ቮልት መግባት በሌለበት ገባ። የሰርግ ቪዲዮ የያዘ ዲስክ ሞተ። ሙሽሮቹ ሁለተኛ ኮፒ ባይኖራቸው ምን እላቸው እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተን ፓወር ሰፕላይ ከነገመዱ ነው የምጥለው።

‹‹ሁለት ትናንሽ›› በሚለው ላይ ጸሐፊውን በከፊል እደግፋለሁ። ሁለት ጥሩ 750 ከአንድ ጥሩ 1500 ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። አራት ካርድ ለሚያስብ ሰው አንዳንዴ ሌላ አማራጭ የለም። ግን ጽሑፉ እንዴት እንደሚገናኙ አልነገረም። አደጋው ደግሞ እዚያ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መነሳትና አንድ ላይ መጥፋት አለባቸው፤ ለዚህ የተሠራች ትንሽ ቦርድ አለች። አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር በሽቦ አገናኝቶ በእጅ ማብራት ለመፈተሻ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። አንዱ በርቶ ሌላው ጠፍቶ ከቆየ ካርዱ ግማሽ አካሉ ኃይል አግኝቶ ግማሹ ሳያገኝ ይቀመጣል። አንድ ካርድ ራይዘሩንም ባለ 8 ፒኑንም ከአንዱ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይብላ። ሁለቱም ከአንድ ዩፒኤስ ይሰኩ። ይህ ሁሉ ካልተሟላ አንድ ትልቅ ይግዙ።

አሁን ወደ መብራቱ። ‹‹ጣና በለስ ቅርባችን ስለሆነ የባሕር ዳር ቮልቴጅ አይዋዥቅም›› የሚለውን ሳነብ ጸሐፊው መልቲሜትር ይዘው ማታ ሶኬት ለክተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁ። እውነት ነው፣ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ውኃውን የሚወስደው ከሐይቃችን ነው። ጢስ ዓባይም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ቮልቴጅ የሚወርደው ግድቡ ጋ አይደለም። የሚወርደው ከምሰሶው እስከ ቆጣሪ፣ ከቆጣሪ እስከ ክፍላችሁ ባለው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ግድቡ በር ላይ ብትኖሩም ያ ሽቦ ያው ነው።

ሽምብጥ አካባቢ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ባለ ሁለት ካርዱ ኮምፒውተራቸው ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ነው። ሐሙስ ማታ ግን ይጠፋል። ሁልጊዜ ሐሙስ። ልጆቹ ፓወር ሰፕላይ ሊቀይሩ ገንዘብ ይዘው መጡ። ሄጄ ልየው አልኩ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ሶኬቱን ለካሁት፤ 198 ቮልት። ገና ከመነሻው ዝቅ ብሏል። ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ሳለ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ፤ 171። ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ወጥቼ አየሁ። ከግቢው ማዶ ጭስ ቤቱ ውስጥ ምጣድ ተሰክቷል።

‹‹እትዬ፣ ሁልጊዜ ሐሙስ ማታ ነው እንዴ የሚጋግሩት?›› አልኳቸው።

‹‹አዎ የኔ ልጅ። ዓርብ ጾም ነው፣ ሰዉ ይበዛብኛል። ምነው፣ አስቸገርኳችሁ እንዴ?››

እሳቸው ምን በደሉ! የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። 14 አምፒር ገደማ። የልጆቹ ክፍልና ጭስ ቤቱ የሚመገቡት በአንድ ቀጭን ሽቦ ነው። መንገድ ላይ ሽቦው ተቀጥሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። መጠቅለያውን በእጄ ስነካው ይሞቃል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በግማሽ ትክክል ናቸው። ከ100 እስከ 240 የሚል ፓወር ሰፕላይ 171 ቮልት አይገድለውም። ቮልቱ ሲወርድ አምፒሩን ጨምሮ ይስባል፣ ይቀጥላል። ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ጠፋ? ያጠፋው ዩፒኤሱ ነው። ዩፒኤሱ ቮልቴጁ ከወሰኑ ሲወርድ ወደ ባትሪ ይሻገራል። ፊቱ ላይ 1200 ቪኤ (ቮልት በአምፒር ሲባዛ) ይላል። ጀርባውን ሳነበው 720 ዋት። ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ከግድግዳ የሚስበው 850 ነው። ባትሪ ላይ በተሻገረ ቅጽበት ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ዘጋ። ቀደም ብሎም ‹‹ጢጥ ጢጥ›› እያለ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ልጆቹ ድምፁ ሲረብሻቸው አጥፍተውታል።

ፓወር ሰፕላይ አልቀየርንም። ከቆጣሪው በቀጥታ ለክፍሉ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ያ መገጣጠሚያ ተቆርጦ ተጣለ። ዩፒኤሱ በዋት ተቆጥሮ በትልቅ ተቀየረ። ሐሙስ ማታ አሁን እንጀራውም ይጋገራል፣ ቪዲዮውም ይሠራል።

ዩፒኤስ ስትመርጡ ሦስት ነገር ያዙ። ቪኤውን ሳይሆን ዋቱን ቁጠሩ፤ የምትቆጥሩትም ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳ የሚስበውን ነው፣ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህን ነው። በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ‹‹ፒዩር ሳይን ዌቭ›› መሆኑን ጠይቁ፤ ርካሹ የሚያወጣው ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ላይ ችግር ይፈጥራል። ሦስተኛው የመሻገሪያ ጊዜው ነው። የተለመደው ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመሻገር ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ መሃል ኮምፒውተሩ የሚኖረው ፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር ውስጥ ባለው ትርፍ ነው። ጭነቱ ከአቅሙ ጫፍ ላይ ከሆነ ያ ትርፍ ቶሎ ያልቃል። 925 ደምሮ 1000 የሚገዛ ሰው ይህንንም ጊዜ ነው የሚያጣው።

ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃም ወይ ለሚሉኝ፣ አይበቃም። ከፍና ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል እንጂ የተቆረጠውን አይቀጥልም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ይጠቅማል፣ በተለይ ዘግይቶ የሚለቀው ዓይነት። እሱ ከሌላችሁ መብራት ሲጠፋ ንቀሉ። ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታገሱ።

አንዳንዱ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ 115 እና 230 የሚል። ያ ዕቃ ራሱን አያስተካክልም። እዚህ አገር 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ያልቃል። ለብዙ ካርድ እንዲህ ያለውን አትግዙ።

በአንድ ነገር ግን ዕድለኞች ነን። በ120 ቮልት አገር የሚኖር ሰው ከተለመደው ባለ 15 አምፒር ሶኬት 1800 ዋት ላይ ይገደባል። እኛ በ220 ከ16 አምፒር መስመር ከ3500 ዋት በላይ እናገኛለን። አንዳንድ ትልልቅ ፓወር ሰፕላዮች ሙሉ ዋታቸውን የሚሰጡትም ከ200 ቮልት በላይ ብቻ ነው። ይህ የሚጠቅመን ግን ሽቦውና ኤክስቴንሽኑ ከቻሉ ነው። 10 አምፒር የሚል ኤክስቴንሽን ላይ ኮምፒውተር፣ ስክሪን፣ ስታቢላይዘርና የሻይ ማፍያ አብሮ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው።

ጽሑፉ ስለ ግራውንድ፣ ስለ መሬት ገመዱ ማለቴ ነው፣ አንድ ቃል አልተናገረም። ኬዙን ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁ ብዙ ናችሁ። ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብላችሁ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አልተበላሸም። በውስጡ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ የሚያጣሩትን ወደ መሬት ገመድ ነው የሚልኩት። ገመዱ ከሌለ ኬዙ ላይ ይቀራል፤ በመልቲሜትር ስትለኩት ወደ 110 ቮልት ያሳያል። አምፒሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰው አይጎዳም። ስክሪን ወይም ሌላ ኮምፒውተር ስትሰኩ ግን ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። ከዚህ የባሰው፣ እውነተኛ ብልሽት ቢመጣ ኃይሉን ወስዶ ብሬከሩን የሚጥልላችሁ ነገር የለም። የመሬት ዘንግ አስቀብሩ። ሐይቁ ዳር እርጥብ አፈር ላይ ያላችሁ በቀላሉ ይሆንላችኋል፤ ጥቁር ድንጋይ ላይ የሠራችሁ ትለፋላችሁ፣ ግን አትተዉት።

የቀረው ጸጥታ ነው። ፋኑ የማይዞር ፓወር ሰፕላይ ለቢሮ ኮምፒውተር ደስ ይላል። ባሕር ዳር ግን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ሁለት ካርድ 700 ዋት ሙቀት እየተፋ፣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ 100 ዋት ያህል እያሞቀ ፋን አቁሙ ማለት አይገባኝም። ፋኑ ይዙር። ኬዙን ከግድግዳ አርቁት። ማታ መስኮት ከፍታችሁ የምትሠሩ ደግሞ የሐይቁ ዳር ትንኝ ብርሃን ተከትሎ ይገባል። ፋኑ ይስበዋል፣ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ መረቡን ይደፍነዋል። በየወሩ አጽዱት።

ጸሐፊው ‹‹ፓወር ሰፕላይ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ›› ብለው የደመደሙትን ከልቤ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርበት። ሱቅ ውስጥ በርቶ ስላያችሁት ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ሁለቱንም ካርዶች ሙሉ ጭነት ላይ አድርጉና አንድ ሰዓት ይቆይ። በየአሥር ደቂቃው የእያንዳንዱን ገመድ መሰኪያ በጣታችሁ ንኩ፤ በካርዱም በፓወር ሰፕላዩም ወገን። ለብ ካለ ደህና ነው። ጣታችሁን አሳርፋችሁ ማቆየት ካቃታችሁ እዚያው አጥፉት።